ንቦቹ ተቆጥተዋል

ማንኪራ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ ለህይወት፣

እንዴት ከረምሽ? የደካ ብርድ እንዴት አደረገሽ? እኔና አባዬ አለን። ቡናው ቀልቷል፤ ጫካው ጠዋት ጠዋት በጉም ተሸፍኖ ይቆይና ፀሐይ ስትወጣ ቀስ እያለ ይገለጣል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አሁን የተፈጠረ ይመስለኛል፣ እኔም ጭምር።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ፤ አለዚያ «ይቺ ልጅ የፈለገችውን ብቻ ነው የምታነበው» ትያለሽ። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ከትምህርት ቤት አልቀረሁም። ስልክ የማላነሳው ደግሞ ጠልቼሽ አይደለም፤ ስልኩ የአባዬ ነው፣ ባወራሁ ቁጥር ጆሮው እኔው ላይ ነው። «ምን አለችሽ? ስለኔ ነው?» ይለኛል። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻለናል። ለገበያ ቦንጋ ስወርድ እትዬ ከዲጃ ሱቅ አስቀምጥልሻለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ወደ ደካ ዕቃ ለሚጭነው መኪና ይሰጡልኛል። «እናንተ ልጆች ሱቄን ፖስታ ቤት አደረጋችሁት እኮ!» እያሉ ይስቃሉ።

ስለ ንቦቹ ላልሽው፣ ሰላም ናቸው። ሰሞኑን አንዴ ተቆጥተው ነበር፣ ግን ብዙም አይደለም። እትዬ ይመኙሻል ጋ ሄድኩ። የጎረቤት ነገር፣ ምንም ሳይጠይቁ ቆጮ አቀረቡልኝ።

እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂብኝ። እኔ እኮ እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ እውነት የንብ ነገር ነበር የሚመስለኝ። እማዬ ነፍሷን ይማረውና «ንቦቹ ተቆጥተዋል፣ ጫማችሁን አድርጉ» ስትል በጓሮ በር እየሮጥኩ ፀጉሬን በእጄ እሸፍን ነበር፣ እንዳይገቡብኝ። አባዬ ጠጥቶ መምጣቱን ለእኛ ብቻ የምትነግርበት ቃል መሆኑን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ያኔ ተናድጄብሽ ነበር። ንቦቹን እመርጥ ነበር መሰለኝ።

ይልቅ ያ ቃል ከየት መጣ? አንቺ ትልቅ ስለሆንሽ ታስታውሺ ይሆናል። ደግሞ እማዬን በህልሜ አያታለሁ፤ አንቺስ ታያታለሽ?

ታናሽሽ ትሁት

*

ደካ
ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ትሁት፣

ጉንጭሽን ሳምኩት፣ ሁለቱንም። ደህና ነኝ። ተማሪዎቼ ግን ሊያሳብዱኝ ነው፤ ትናንት አንዱ «ቲቸር፣ እርስዎም ልጅ ነበሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው እኮ» አልኩት፣ አላመነኝም።

ቃሉን ላልሽው፣ አንቺ ገና ጡት ትጠቢ ነበር። ቤት እንግዶች መጥተዋል፣ የአባዬ ዘመዶች፣ ሽማግሌዎች። እማዬ በመስኮት ስታይ አባዬ መንገዱ ጠብቦት ከአጥር አጥር እየተላተመ ይመጣል። እንግዳ ፊት ምን ትበል? ወደኔ ዞረችና «ህይወት፣ ንቦቹ ተቆጥተዋል፣ ልጅቷን ይዘሽ እትዬ ይመኙሻል ጋ ሂጂ» አለች። ታዲያልሽ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው እየተጋፉ ወጡ! አባዬ በሩ ላይ ሲያገኛቸው «ንብ ነው፣ ሽሽ!» አሉት። እሱ ደግሞ የንብ ማጨሻ ጭሱን ይዞ ወደ ቀፎዎቹ ሮጠ። እማዬ ጓዳ ገብታ እስክታለቅስ ሳቀች። ሳቋ ወደ እንባ መቼ እንደዞረ አላየሁም። ቃሉ በዚያው ቀረ።

ለሌላው ጥያቄሽ፣ አዎ፣ እኔም እማዬን በህልሜ አያታለሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የማያት፣ አትዞርም።

አሁን የኔን ስሚ። የተከራየሁት ክፍል ለሁለት ይበቃል። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲያልቅ መልቀቂያሽን አውጥተሽ ነይ። አሁን አትመልሺልኝ፣ አስቢበት። እዚህ ንብ የለም። ካለም ንብ ብቻ ነው።

እህትሽ ህይወት

*

ማንኪራ
ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤሽ ስኳር ስኳር ሸተተኝ፤ እትዬ ከዲጃ ከጆንያው ላይ አስቀምጠውት ነው። ሳልከፍተው ብዙ አሸተትኩት።

አስቤበታለሁ። አልመጣም። ተቆጪ እንግዲህ።

አባዬን ማን ያነቃዋል? ጠዋት ካልቀሰቀስኩት እኮ አይነሳም፤ ደጅ ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣው ቡና ዝናብ ይመታዋል። ስነቀንቀው መጀመሪያ አንድ አይኑን ይከፍታል፤ ያ አይኑ ያሳዝነኛል። «እናትሽ ናት?» ይላል። «እኔ ነኝ» እለዋለሁ። ከዚያ ይነሳል። እኔ ከሌለሁ «እኔ ነኝ» የሚለው ማነው?

ማታ እተኛለሁ፣ ግን ጆሮዬ አይተኛም። ኮቴውን ከወንዙ ወዲያ ማዶ አውቀዋለሁ። በር ላይ ሲደርስ ደግሞ ቋንቋውን አዳምጣለሁ። ደህና ከሆነ በቋንቋችን በካፊኖኖ ነው የሚጠራኝ፣ ቀስ ብሎ፣ አያቴ እሱን ትጠራው እንደነበረው። ከጠጣ አማርኛ ይመጣበታል። «የት አለሽ አንቺ ልጅ! እስቲ ቅረቢ!» ይላል፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር። አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን እስቃለሁ። ግን በቀደም ክፍል ውስጥ መምህራችን በአማርኛ «ትሁት፣ ቅረቢ» ሲሉኝ ሆዴን ቆረጠኝ፤ እግሬ ወደ በሩ ሊወስደኝ ፈለገ። ምን ሆንሽ ሲሉኝ ወስፋት ነው አልኩ። ላንቺ በአማርኛ ስጽፍልሽ ግን አይቆርጠኝም። ለምን ይሆን?

ህልም አየሁ። ቤታችን ቀፎ ሆኖ ረጅም ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። አንቺም እኔም እማዬም ውስጥ ነን፣ ግድግዳው በሙሉ ማር ነው፣ ብርሃን በማሩ እያለፈ ሁላችንንም ቢጫ አድርጎናል። አባዬ ከታች ጭስ ይዞ ይዞራል። ሊያጨሰን አይደለም፤ መግቢያው ጠፍቶት ነው። «በዚህ ነው!» ልለው ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ። ስነቃ እጄ ሞቋል።

ደግሞ ንቦቹ ሰላም ናቸው። እውነተኞቹ ንቦች ማለቴ ነው። ከሰፈሩ ሁሉ የኛ ቀፎዎች ብቻ ለምን ወንዙን ተሻግረው እዚያ ድረስ እንደተሰቀሉ እንጃ፤ ሰው በአባዬ ላይ «የባፈና ንቦች ስደተኛ ናቸው» እያለ ይቀልዳል። ሌሎቹም ንቦች ሰላም ናቸው። በጣም ሰላም ናቸው።

ትሁት

*

ደካ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትሁት፣

ሰላምታዬን በኋላ እሰጥሻለሁ፤ አሁን ተናድጃለሁ።

«ሰላም ናቸው፣ በጣም ሰላም ናቸው።» ለማን ነው የምትዋሺው? ዕቃ የሚያመጣው ሾፌር ነገረኝ እኮ! ሱቅ ገብተሽ ሒሳብ እስኪመለስልሽ ቆመሽ እንቅልፍ ወሰደሽ አሉ። እትዬ ከዲጃ ጆንያ ላይ አስተኝተው በነጠላቸው ሸፈኑሽ፤ ገበያው እስኪበተን አልነቃሽም። ሲቀሰቅሱሽ ያልሽውንም ሰምቻለሁ፤ «ደህና ነው፣ አልጠጣም» ነው ያልሽው። ማንም ሳይጠይቅሽ!

የኔ እናት፣ ልጅ በቁሟ አትተኛም። አባዬን እወደዋለሁ፤ እንደምወደው ታውቂያለሽ። ከጠዋቱ ሰው ጋር የሚስተካከል አባት የለም። ግን አንቺ እናቱ አይደለሽም፣ ሚስቱም አይደለሽም፣ ሰዓቱም አይደለሽም። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነሽ።

ርዕሰ መምህራችንን አናግሬያለሁ፤ ቦታ አለ። አልጋሽን አንጥፌያለሁ፣ ብርድ ልብሱ ቀይ ነው። በየካቲት እዚህ መሆን አለብሽ። ለአባዬ እንዴት እንደምነግረው ግን አላውቅም። ትናንት ደወልኩለት፣ ስለ ብርዱ አውርተን ዘጋሁት።

አሁን ሰላምታዬን ውሰጂ፤ ሺህ ጊዜ።

ህይወት

*

ማንኪራ
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

በችኮላ ነው፣ እትዬ ይመኙሻል ወደ ቦንጋ ሊወርዱ ቆመው ይጠብቁኛል።

ንቦቹ ተቆጡ። ክፉኛ ተቆጡ። አባዬ ፊቱ አብጦ አይኑ አይታይም፣ ቀኝ እጁም ተሰብሯል። ቦንጋ ሐኪም ቤት ተኝቷል። እኔን ምንም አልነካኝም። የሆነው በኔ ምክንያት ነው። ሌላውን ስረጋጋ እጽፍልሻለሁ።

ትሁት

*

ደካ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትሁት!

ከማን ጋር ተደባደበ? አረቄ ቤት ነው ወይስ መንገድ ላይ? እጁን እስኪሰብሩት ድረስ ምን ብሎ ቢሰድባቸው ነው? አንቺስ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር? «በኔ ምክንያት» ማለት ምን ማለት ነው? መታሽ እንዴ? እውነቱን ንገሪኝ፤ ነካሽ?

ስልኩ ዝግ ነው። ፈተና እያስፈተንኩ ስለሆነ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መንቀሳቀስ አልችልም፤ ልጆቹ ፊት ቆሜ ጥያቄውን አሳስቼ አነበብኩ። ከዚያ መጥቼ እወስድሻለሁ። እሱ ከእንግዲህ የራሱን ይወጣ። በቃኝ! እማዬም በቅቷት ነበር፣ ስላልተናገረች ነው እንጂ።

እትዬ ይመኙሻል ጋ ሁኚ፤ ቤት እንዳትሄጂ።

ህይወት

*

ማንኪራ
ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ተሳስተሻል፣ ጥፋቱም የኔ ነው። «ንቦቹ» ስልሽ ንቦቹን ማለቴ ነበር። እውነተኞቹን! ስጽፈው አልታሰበኝም። የኛ ቤት ልጅ ስለ ንብ ለመጻፍ እንኳ ሁለቴ ማሰብ አለባት መሰለኝ። ማንም አልደበደበውም። እኔንም አልመታኝም። በቀስታ ልንገርሽ፤ ሁሉንም።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ መጽሐፌን እንደያዝኩ መደቡ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከሰዓት ነው፣ ጭጋግ ነበር። በእንቅልፌ እማዬ ቡና አልጋው አጠገብ ቆማ ትጠራኛለች፣ ነጭ ልብስ አድርጋለች። ልመልስላት ስል በሩ ተከፈተና «የት አለሽ አንቺ ልጅ!» የሚል አማርኛ መጣ። ነቅቼም አልነቃሁም። ብድግ ብዬ «እማዬ፣ ንቦቹ ተቆጥተዋል!» ብዬ ጮህኩ፣ እሱ ፊት! በጓሮ በር ወጥቼ ፀጉሬን በእጄ ሸፍኜ ወደ ጫካው ሮጥኩ፣ እንደ ልጅነቴ። ቡናው መሃል ተቀመጥኩ። ዝም ያለ ነበር፤ ጉሙ እየወረደ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ እማዬን የማገኛት መስሎኝ ጠበቅኋት።

አባዬ ግን እታለም፣ አመነኝ። ንብ እያሳደደኝ መሰለው። ጭሱን ለኩሶ፣ እንደሰከረ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ቀፎዎቹ ሄደ፣ ከኔ ላይ ሊያስለቅቃቸው። ንብ ደግሞ የአረቄ ሽታ እንደማይወድ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለዚህ እኮ ነው የማር ቆረጣ ሲደርስ ለሳምንት የማይቀምሰው። ያን ቀን ግን ረሳው። ዛፉ ላይ ወጣና ተቆጡበት። ወደቀ። ሰዎች ጩኸቱን ሰምተው ሲደርሱ የኔን ስም ይጠራ ነበር፣ በካፊኖኖ። ሰክሮም በካፊኖኖ።

ሐኪም ቤት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፊቱ ሊጥ ሆኗል፣ አይኑ የለም፣ ሽታው ግን የጠዋቱ አባዬ ነው። ቀስ ብሎ «ንቦቹ ተቆጥተዋል ብለሽኝ ነበር እኮ። ስደርስ ግን ተኝተዋል። እኔ ነኝ የቀሰቀስኳቸው» አለኝ። ግራ ገብቶታል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው አለ። እናትሽም ተቆጥተዋል ትለኝ ነበር፣ ሄጄ ሳያቸው ሰላም ናቸው፤ ቤት አጠገብ ስለሆኑ ነው ልጆቹን የሚያስቸግሩት ብዬ በማግሥቱ ቀፎውን አውርጄ ራቅ አድርጌ እሰቅላለሁ፤ ደግሞ ተቆጡ ትለኛለች፣ ደግሞ አርቃለሁ። ወንዙን የተሻገርኩት ለዚያ ነው አለኝ።

እታለም፣ እሱ አያውቅም ነበር! ይሄን ሁሉ ዓመት በአንድ ቤት ስንኖር፣ ሁላችንም ስንሸሽ፣ ከንብ የምንሸሽ ነበር የሚመስለው።

ዝም ማለት ነበረብኝ? አልቻልኩም። አይኑ ስለማያየኝ ይሆናል የደፈርኩት። «አባዬ፣ ንቦቹ አንተ ነህ» አልኩት።

ነርሷ መጥታ ጉሉኮሱን አይታ ሄደች። ከዚያ «እናትሽም?» አለኝ።

«እማዬም።»

«ህይወትም ታውቃለች?»

«እሷ ናት የነገረችኝ።»

እጄን ፈለገ፣ በደህናው እጁ። ሲያገኘው አልጨበጠውም፣ ነካ ብቻ አደረገው። «ምስኪን ንቦቼ» አለ። «ባላጠፉት ነገር ስንት ጊዜ አገር ለቀቁ።» ሊስቅ ሞከረ መሰለኝ፤ ያ ያበጠ ከንፈሩ እንቢ አለው። አይኑ ሳይከፈት እንባው ወጣ። እኔም አለቀስኩ፤ ደግሞ ቀለለኝ። ሰው ፊት እያለቀስኩ መቅለሉ አሳፈረኝ።

ትናንት ቤት ተመለሰ። ዛሬ ጠዋት እኔ ሳልቀሰቅሰው ነቅቶ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ስላንቺ ቀይ ብርድ ልብስ ነገርኩት። ብዙ ካሰበ በኋላ «ማራቅ የነበረብኝ ቀፎውን አልነበረም። ልጆቹን ነው» አለ። «ሂጂ።»

«ማን ያነቃሃል?» አልኩት።

«ዶሮ» አለኝ።

ተናደድኩም፣ ሳቅኩም። እታለም፣ የማይጠጣ አይምሰልሽ። አልማለልኝም፣ እኔም ማል አላልኩትም። ግን ሂጂ ያለኝ እሱ ነው፣ ጠዋት፣ በካፊኖኖ። ስለዚህ እመጣለሁ። እንዳትቆጪው።

ትሁት

*

ደካ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን አለህ? እጅህ ጠገነልህ ወይ? ወጌሻው ጋ መሄድህን ሰማሁ፤ ሐኪሙ የሰጠህን ቀጠሮ ግን እንዳታልፍ፣ አደራ።

ቦንጋ መናኸሪያ ድረስ በአንድ እጅህ ሻንጣዋን ተሸክመህ እንዳመጣህላት ነገረችኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ወደ ጫካው ዞረህ ስለነበር ፊትህን አላየችም። «ጉም እያየ ነበር» ነው ያለችኝ።

ስለ እሷ ለጠየቅከኝ፣ ደህና ናት። መጀመሪያ አካባቢ ትተኛለች ብቻ ነበር፤ በልታ ትተኛለች፣ ተነስታ ትበላለች፣ ደግሞ ትተኛለች። ሰው በር ሲያንኳኳ ትደነግጥና ጫማዋን ትፈልጋለች። አሁን እየተወችው ነው። ትናንት የጎረቤት ልጆች ጋር እየተሯሯጠች በአማርኛ ስትጮህ ሰማኋት፤ ምሳዬን አቁሜ አዳመጥኳት። ሆዴንም አልቆረጠኝም አለችኝ።

አባዬ፣ የልቤን ሁሉ በዚህ ወረቀት አልጽፍም፤ ለመጻፍ ብቀመጥ ቁጣው ይቀድመኛል፣ ከኋላው ደግሞ የሚመጣው ቁጣ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ሲሮጡ ጭስ ይዘህ የወጣኸው ትዝ ይልሃል? እስካሁን ያ ታሪክ የሚያስቀኝ በአንተ ነበር። አሁን ሳስበው ልታድነን ነበር የሮጥከው።

ትሁት ለፋሲካ ካልሄድኩ ብላኛለች። ልብሷን ከአሁኑ አጥባ አጣጥፋለች። ልላካት ወይ? አንተ የምትለውን እሰማለሁ፤ እሷም ካንተ እንጂ ከኔ አትሰማም።

ልጅህ ህይወት

*

ማንኪራ
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሁት፣

ሰላም ነሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። እጄ ድኗል፣ ብቻ ጽሑፉ እንደምታይው ነው።

በአማርኛ ስለጻፍኩልሽ ጠጥቶ ነው እንዳትዪ። ጠዋት ነው። በኛ ቋንቋ መጻፍ ስለማልችል ነው። ዶሮው ጮኾ ነቅቻለሁ፣ ቡናም አፍልቼ ጠጥቻለሁ።

ቀፎዎቹን ከወንዙ ማዶ አምጥቼ ጓሮ ሰቀልኳቸው። እዚህ ሆነው አያቸዋለሁ። እትዬ ይመኙሻል «ባፈና፣ ንቦችህ ከስደት ተመለሱ ወይ?» ይሉኛል። የገተማው ዛፍ አብቧል፣ ዘንድሮ ነጭ ማር ጥሩ ነው የሚሆነው። ቆረጣው ሲደርስ የመጀመሪያው የናንተ ነው።

ለፋሲካ እመጣለሁ ማለትሽን ህይወት ጽፋልኛለች። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቤቱንም ጠረግኩት፣ መደብሽንም ለቀለቅኩልሽ።

ልጄ፣ ንቦቹ ተቆጥተዋል። ከሆሳዕና ጀምሮ ነው።

አትምጪ። እዚያው ከእህትሽ ጋር ዋይ፣ ብዪ፣ ተኚ። ሲበርዱ ሌላ ሰው አይነግርሽም፣ እኔ ራሴ እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ ባፈና